እትዬ ላቀች ሊጠይቁኝ መጡ

በአገራችን ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚታመመው፤ አንዴ በበሽታው፣ አንዴ በጠያቂው። ለበሽታው መድኃኒት ሊገኝለት ይችላል። ለጠያቂው ግን እስካሁን የተገኘ ነገር የለም። በር ብትዘጉበት ያንኳኳል፣ ተኝቻለሁ ብትሉት ይቀሰቅሳችኋል፣ ድኛለሁ ብትሉት «እንዲህ የተሻለ ሲመስል ነው የሚከፋው» ይላችኋል። እናንተም ሰፈር አንድ አለ። እኛ ዘንድ የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ገና በደንብ አልታመማችሁም ማለት ነው።

የእኛዋ እትዬ ላቀች ናቸው። የንፋስ መውጫ ከተማና የአካባቢዋ ሕሙማን የበላይ ጠባቂ፣ የአጥሚት ፔርሙዝ ብቸኛ ባለሥልጣን፣ ክብርት እትዬ ላቀች! ሹመቱን የሰጣቸው የለም፤ ሊሽራቸው የደፈረም የለም። ጠዋት ፔርሙዛቸውን በነጠላቸው ሥር ሸጉጠው ብቅ ሲሉ ያየ ሁሉ «ዛሬ ደግሞ ማን ወደቀ?» ይላል። ጤነኛ የሆነውም ቢሆን ሲያልፉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጎንበስ ብሎ ከተገኘ ወገቡን እንዳመመው ይቆጠርበታላ።

እትዬ ላቀች ወንበር ሲሰጣቸው አይቀመጡም። ትራስ ያስተካክላሉ፣ መስኮት ይከፍታሉ፣ «ብርድ ገባ» ብለው መልሰው ይዘጋሉ፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ወደ ብርሃን አንስተው ይነቀንቁታል። ይህን ሁሉ ሲጨርሱ ከራስጌ ይቆሙና ያችን የታወቀች ንግግራቸውን ይጀምራሉ፦ «ላስፈራሽ ብዬ አይደለም እንጂ…»

ከዚህች ቃል በኋላ ሳይፈራ የቀረ ሰው የለም። ክንዱ የሚባለው የስፖርት መምህራችን ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት ተኝቶ ነበር።

«ላስፈራህ ብዬ አይደለም እንጂ» አሉት፣ «ወገዳ ከተማ አንድ ሰው ነበር። ልክ እዚችው ጋ ወለም ብሎት…»

«ከዚያስ?» አለ ክንዱ።

«ከዚያማ፣ ነፍሱን ይማረው።»

ክንዱ በማግስቱ እያነከሰ ሥራ ገባ።

ሁለተኛዋ መሣሪያቸው «እስቲ ልየው!» የምትለዋ ናት። እትዬ ላቀች ያላዩትን በሽታ አያምኑም። ጥርሱን ያመመውን አፍ ያስከፍታሉ፣ እግሩ ያበጠበትን ካልሲ ያስወልቃሉ። ኪንታሮት ያመመው አንድ የፍርድ ቤት ሠራተኛ ዝውውር ጠይቆ ከተማውን ለቀቀ ይባላል። እኔ አላረጋገጥኩም፤ ግን ሲባል ሰምቼ አልተገረምኩም።

እንግዲህ እኔ፣ ሩት የተባልኩት አስተማሪ፣ ለማንም የማይታይ ቦታ ላይ ቁስል ይዤ እኒህ ሴት እጅ ወደቅሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ካቻምና ነው። ግራ ጡቴ ውስጥ እብጠት ተገኘ። ባሕር ዳር እህቴ ዘንድ ከርሜ ታከምኩ። ጡቴ በቀዶ ጥገና ወጣ፤ መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ጸጉሬም ረግፎ እንደገና በቀለ። ንፋስ መውጫ የሚያውቀው ግን «ሩት ለትምህርት ሄዳለች» የሚለውን ብቻ ነበር። ሰው እንዲያዝንልኝ አልፈለግሁም። ሲያወራኝ ዓይኑ ወደ ደረቴ እንዲወርድም አልፈለግሁም። ከተመለስኩ በኋላ ግራውን በጥጥ የሞላሁትን ጡት መያዣ አጥልቄ ክፍል ገባሁ። ማንም ምንም አላለም።

ከዚህ ከተማ እውነቱን የሚያውቀው ባለቤቴ እሱባለው ብቻ ነበር። እሱባለው በንፋስ መውጫና በደብረ ታቦር መካከል የሚመላለስ ሚኒባስ ሹፌር ነው። በዚያ መንገድ ላይ ላለው ጉድጓድ ሁሉ ስም አውጥቶለታል፤ ለእኔ ጉዳይ ግን ቃል ጠፋበት። ልብስ ስቀይር ሳልነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር ለመደ። ጨዋነት ነው፤ አውቃለሁ። ግን እንደዚያ ጨዋነቱ የከበደኝ ነገር የለም።

ጠባሳው ከብብቴ ተነስቶ እስከ ደረቴ መሃል ይሄዳል። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ስቆም የተጨማደደ አፍ ይመስለኝ ነበር፤ የሆነ ነገር ሊናገር ሲል የዘጉት አፍ። አባቴ ጉና ሥር ገብስ የሚዘራ ገበሬ ነበር። አንድ ጠዋት፣ መስመሩ የማይቀር ከሆነ ለምን አገዳ አይሆንም? አልኩ። ጫፉ ላይ የገብስ ዛላ ቢወጣበትስ? ያችን ቀን ክፍል ገብቼ ያስተማርኩትን ዛሬ ድረስ አላውቀውም።

ሊድያ የቀድሞ ተማሪዬ ናት። ባሕር ዳር የውበት ሥራና ንቅሳት ተምራ መጥታ እዚሁ ሳሎን ከፍታለች። ከፊት ጸጉር ትሠራለች፤ ከጓሮ ክፍሏ ደግሞ የንቅሳቱ ማሽን አለ። የሙሽሮች ቅንድብና የጎረምሶች ክንድ የሚነቀሰው እዚያ ነው። ሸሚዜን ስከፍት ፊቷን አላጨማደደችም። እጇን ታጥባ ጓንት አጠለቀችና ጠባሳውን ከዳር እስከ ዳር በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ አየችው።

«ቲቸር፣ ሐኪምዎ ምን አሉ?»

«አልጠየቅኩትም።»

«ይጠይቁ። እሳቸው ሳይፈቅዱ መርፌ አላሳርፍበትም።»

ጠየቅሁ። ሐኪሙ በስልክ ጠባሳው በደንብ እንደጠገገ፣ መነቀስ እንደምችል፣ ከቀላ ወይም ትኩሳት ካመጣ ግን ሳልውል ሳላድር እንድመጣ ነገረኝ። ሊድያም ጠባሳው ጥግ ላይ ትንሽ ቀለም ነካ አድርጋ ቆዳዬ አለመቆጣቱን አየች። ከዚያ ትእዛዙ ቀጠለ፦ መጠጥ እንዳልቀምስ፣ በደንብ እንድበላ፣ ቆዳውን በቅባት እንዳለሰልስ፣ ከፊት የሚከፈት ሰፊ ሸሚዝ እንዳዘጋጅ፣ እንቅልፍ በደንብ እንድተኛ።

እንቅልፉ ብቻ አልሆነልኝም። የቀረውን ሁሉ አደረግሁ። የቀረውን ሁሉ ደግሞ እትዬ ላቀች አዩት።

ሰንበቴ ላይ የቀረበልኝን ጠላ መለስኩ። ሰፊ ሸሚዝ መልበስ ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት እንቁላል ስጠብስ ሽታው አጥር ተሻግሮ ይሄዳል። ክብርትነታቸው ሦስቱን ነገር አንድ ላይ አስቀመጡና ፍርድ ሰጡ፤ ሩት አርግዛለች! ከትምህርት ቤት ወጥቼ ቤቴ እስክደርስ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ፈገግ እያለ ሆዴን ያያል። ለአንድ ጊዜ እንኳን ዓይናቸው ከደረቴ ዝቅ አለልኝ ብዬ ልስቅ ፈለግሁ፤ አልሆነልኝም። ማርገዝ ሐኪሙ ለጊዜው አይሆንም ያለኝ ነገር ነበር።

«እትዬ፣ አላረገዝኩም» አልኳቸው አጥር ላይ አግኝቻቸው።

«ላስፈራሽ ብዬ አይደለም እንጂ፣ አንዲት የእስቴ ሴት ልክ እንዳንቺ ስትክድ ስትክድ መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ አውቶቡስ ስትጠብቅ ወለደች።»

ያን ቀን እሱባለው አንድ እቅፍ ሙዝ ይዞ መጣ። አንዲት ተሳፋሪ «ለነፍሰ ጡሯ» ብላ የሰጠችው ነው። በሩ ላይ እንደቆመ ሙዙን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋበት።

«ሰው ምን እያለ ነው?»

«እትዬ ላቀች ናቸው። ውሸት ነው።»

«አውቃለሁ ውሸት መሆኑን» አለና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። መሳቅም ማልቀስም ያማረው ፊት ነበር። ያኔ ነገርኩት።

«ልነቀስ ነው።»

«የት?»

«እዚህ።»

እጄን አላየም፤ የት እንደሆነ ግን ገባው። «ያማል?»

«ያማል መሰለኝ።»

«እንግዲያው ለምን?»

«አንተ ፊትህን ወደ ግድግዳ እንዳታዞር።»

ተነስቶ ወጣና መኪናውን ማጠብ ጀመረ። መኪናው ታጥቦ ነበር የመጣው።

የተነቀስኩት ቅዳሜ ቀን ነው። ሊድያ የጓሮውን በር ቆለፈች። ማሽኑ ሲነሳ የአውራ ዝንብ ድምፅ አለው። ጠባሳው መሃል ላይ ምንም አይሰማኝም፤ የሌላ ሰው ገላ ላይ የሚሠሩ ይመስላል። ብብቴ አጠገብ ሲደርስ ግን የተላጠ ቆዳ ላይ ሚጥሚጣ እንደመነስነስ ነው። የእግሬን ጣቶች አጠፋለሁ፣ እዘረጋለሁ፣ ጣሪያውን አያለሁ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሙሽራ ፎቶ አያለሁ።

«ቲቸር፣ አይንቀሳቀሱ እንጂ!»

ክፍል ውስጥ «ሊድያ፣ አርፈሽ ተቀመጪ» እያልኩ ዓመቱን ስጨርስ የነበርኩት እኔ ነኝ። ደረቴን ገልጬ ፊቷ ተዘርሬም «እርስዎ» ነው የምትለኝ። መከበር እንዲህ ያለ ቦታ ድረስ ሲከተል ሳቅ ያመጣል፤ ሳቁ ደግሞ መርፌውን ያናውጣል። «አያስቁኝ፣ መስመሩ ይጣመማል» ትለኛለች፤ እሷን ያሳቃት ማን እንደሆነ አላውቅም።

ሲያልቅ መስታወት አመጣችልኝ። ቆዳዬ ቀልቶ አብጧል፤ ግን አገዳው አለ፣ ቅጠሉ አለ፣ ዛላው ፂሙን ዘርግቶ ወደ ደረቴ መሃል ያያል። አልቅሼ እንደሆነ አላስታውስም። ሊድያ ግን ስታለቅስ አይቻለሁ። በስስ ላስቲክ ሸፈነችልኝና አያያዙን ነገረችኝ፦ በለብታ ውኃና ሽታ በሌለው ሳሙና ማጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጎ ማድረቅ፣ ቅባቱን ስስ አድርጎ መቀባት፣ በጀርባ መተኛት፣ የሚያጣብቅ ነገር አለመልበስ። ከሁሉም በላይ አለማከክ።

ቤቴ በባጃጅ ሄድኩ። ኮብልስቶኑን ያነጠፉት ሰዎች አንድም ቀን ተነቅሰው አያውቁም።

«የሚያጣብቅ ነገር አለመልበስ» ማለት በጥጥ የሞላሁትን ጡት መያዣ አለማጥለቅ ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ሥራ መሄድ አልችልም። ለርእሰ መምህሩ ደውዬ «ትንሽ አሞኛል» አልኩት። ስልኩን ሳልዘጋ እትዬ ላቀች ፔርሙዛቸውን እያጠቡ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ።

መጡ። እንደ ደንቡ አቅፈው ትከሻ ለትከሻ ሳሙኝ፤ ደረቴን ከደረታቸው ጋር አጣበቁት። የጮህኩት በውስጤ ቢሆንም ፊቴ አሳበቀብኝ።

«ምንሽን ነው?»

«ጨጓራ ነው።»

«ጨጓራ ብብት አያሳቅፍም። እስቲ ልየው!»

«ጨጓራ እንዴት ይታያል እትዬ?»

«ምላስ ላይ ይታያል። አውጪ።»

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት የሆንኩት ሴት አልጋ ላይ ተቀምጬ፣ ጋቢዬን እስከ አንገቴ ስቤ፣ ምላሴን አወጣሁ። ወደ መስኮቱ አዙረው መረመሩት። «ጨጓራ አይደለም» ብለው ፈረዱ።

በማግስቱ ልብ ነው አሉ። በሌላው ቀን ሳንባ ነው አሉ። በመጡ ቁጥር አንድ ተልባ፣ አንድ አጥሚት፣ አንድ የሞተ ሰው ይዘው ይመጣሉ። በትንሽ ጀሪካን ፀበል አምጥተው ደረቴ ላይ ሊያፈሱልኝ ሲሉ ነጥቄ ጠጣሁት። «ኧረ ቀስ!» አሉ ደንግጠው። እኔ ግን እስከ መጨረሻው ጨለጥኩት።

ከሳቸው የከፋው ማሳከኩ ነበር። መጀመሪያ ቁስሉ አዠ፣ ከዚያ ደረቀ፣ ከዚያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መፈርፈር ጀመረ፤ ያኔ መከራዬ መጣ። በጎኔ አልተኛ፣ በሆዴ አልተኛ። የተማሪዎቼን ፈተና ላርም ብዬ አነሳለሁ፣ እጥለዋለሁ። ከአልጋ ወደ በር፣ ከበር ወደ አልጋ እሄዳለሁ። የከተማችን ንፋስ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳው ጣቶቼም ያብራሉ፤ እንዳላክ መዳፌን ከታፋዬ ሥር አድርጌ እቀመጥበታለሁ። እሱባለው ማታ ሲገባ «እንዴት ዋልሽ?» ይለኛል። «ተራመድኩ» እለዋለሁ።

እንዲህ ስንገላታ ሰንብቼ፣ የሰንበቴ ሴቶች ተሰብስበው ሊጠይቁኝ የሚመጡበት ቀን ደረሰ። እትዬ ላቀች ቤቱን ለማሰናዳት ቀድመው ገቡ። እኔ ከስንት መንገላታት በኋላ እንቅልፍ ይዞኛል። ሸሚዜን ነፋስ ያግኘው ብዬ ከፍቼዋለሁ፤ ከላይ ያለው ጋቢው ብቻ ነው። ክብርትነታቸው ደግሞ የታማሚ ጋቢ ሳይራገፍ እንግዳ አይገባም የሚል ሕግ አላቸው።

ብርዱ ቀሰቀሰኝ። ዓይኔን ስገልጥ እትዬ ላቀች ጋቢውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆመዋል። እጄን ደረቴ ላይ ጣልኩ፤ ግን አልፎ ነበር።

እትዬ ላቀች ቀስ ብለው ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡ። በሕይወቴ ተቀምጠው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ዝም ሲሉም እንደዚያው።

«ይኼ… መች ነው?»

«ካቻምና።»

«ለትምህርት ነው ብለሽ የሄድሽ ጊዜ?»

«አዎ።»

እንደ ልማዳቸው የሚያነሷት የሞተች ሴት እስክትመጣ ጠበቅሁ። አልመጣችም።

«ማን ጠየቀሽ?» አሉ።

«ምን?»

«ያኔ። ተኝተሽ ሳለሽ። ማን ጠየቀሽ?»

«እህቴ ነበረች። እሱባለውም ይመላለስ ነበር። ሌላ ሰው አላወቀም እትዬ።»

«አላወቀም!» አሉ። ዓይናቸው ውኃ ሞላ፤ ድምፃቸው ግን የቁጣ ነበር። «እኔ እዚህ አጥር ሥር ተቀምጬ፣ የማንም ጉንፋን ሳያመልጠኝ፣ አንቺ ይኼን ብቻሽን ተሸክመሽ! መች ሞቼ ነው?»

እኔም ያሳከከኝና ያላስተኛኝ ሁሉ ተጠራቅሞ ነበርና አመለጠኝ። «ቢሰሙማ ልክ እንደኔ ሆና ስለሞተች ሴት ይነግሩኝ ነበር!»

አልተቀየሙም። «አዎ፣ እነግርሽ ነበር» አሉ።

ጋቢውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው አስቀመጡት። «ባለቤቴ ሙላው የታመመ ጊዜ ሰው ሁሉ መጣ። መጣና ዝም አለ። እግሩ ሥር ተደርድሮ ሲያየው ዋለ። ሙላው ወደ እኔ ዞሮ፣ ‹ላቀች፣ ምነው ሁሉም ዝም አሉ? ሞቻለሁ እንዴ?› አለኝ። ከዚያ ወዲህ የተኛ ሰው ፊት ዝም ብዬ መቆም አልችልም። አፌ የመጣለትን ይለዋል። የሚመጣለት ደግሞ የሞተ ሰው ነው። ከሞተ ሰው ሌላ ማንን አውቃለሁ? ስጠይቅ የኖርኩት እነሱን ነው።»

እጄን ከደረቴ ላይ አነሳሁት። እሳቸው ጎንበስ አሉ፤ ዓይናቸውን አጠበቡ።

«ይኼስ ምንድነው?»

«ገብስ ነው።»

«ይኼማ ስንዴ ነው።»

«ገብስ ነው እትዬ! ፂሙን አያዩትም?»

«የደረሰ ገብስ አንገቱን ይደፋል። ይኼ ቀጥ ብሏል።»

«እሸት ነዋ!»

«እ… እሸት ከሆነ እሺ» አሉ ቅር እያላቸው። ከዚያ ነጠላቸውን ከአንገታቸው ገለጥ አድርገው ድርድር ንቅሳታቸውን አሳዩኝ። «የኔ በእሾህ ነው። እንደናንተ በመብራት አይደለም። ሲሽር ያሳክካል አይደል?»

«ሊገድለኝ ነው።»

«ዳር ዳሩን መታ መታ አድርጊው። እንዳታኪው ብቻ።»

መታ መታ አደረግሁት። ከስንት ጊዜ በኋላ ማሳከኩ ጋብ አለልኝ። እንደዚህ ስንሆን ነው ግቢው ውስጥ የሴቶች ድምፅ የተሰማው። ሸሚዜን ልቆልፍ ተጣደፍኩ። እትዬ ላቀች ጋቢውን ላዬ ላይ ወርውረው ወጡና በሩን ከኋላቸው ሳቡት።

«ምኗን ነው?» ሲሉ ሰማሁ።

«አልማዝ ባለጭራ ነው። እንቅልፍ ወስዷታል፤ አይገባም።»

«ውይ! እኔ መድኃኒቱን የሚያውቅ ሰው…»

«ሐኪም ይዞታል።»

ከመካከላቸው አንዷ፣ በጥያቄ የሚታወቁት፣ «አንቺስ አይተሽዋል?» አሉ።

አሁን የተጠየቁት ስለ እኔ አልነበረም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስላካበቱት ማዕርግ ነው። «አይቻለሁ» ቢሉ ጥያቄው ይቀጥላል፤ ምን ያህል ነው፣ የት ድረስ ነው ይባላል።

«አላየሁትም» አሉ እትዬ ላቀች። «ከለከለችኝ።»

ሳቁ ግቢውን ሞላው። «ላቀችን የከለከለች! ኧረ ተአምር ነው!» እያሉ፣ እየተሳሳቁ፣ ሄዱ። ያ ሳቅ እዚያ አላበቃም። ገበያ ላይ፣ ሰንበቴ ላይ፣ የውኃ ቧንቧው ጋ «ሩት በሯን የዘጋችባቸው» እየተባሉ ከረሙ። አንድም ቀን መልስ አልሰጡም። እኔም ስሰማ አንገቴን ደፍቼ አልፍ ነበር፤ እውነቱን ብናገር ምስጢሬን መግለጥ ሆነብኝ፣ ዝም ብልም የሳቸውን ክብር መብላት።

ቆዳዬ ጠገገ። ቅርፊቱ ረግፎ ቀለሙ ከሥሩ ጠርቶ ወጣ። አንድ ጠዋት ሳፋው ጋ ጎንበስ ብዬ ሳጥበው ዞር ስል እሱባለው ፎጣ ይዞ ቆሟል። ወደ ግድግዳው አልዞረም። ለረጅም ጊዜ አየው፤ መንገድ ላይ አዲስ ነገር ሲያይ እንደሚያደርገው ቅንድቡን ሰብስቦ።

«ገብስ ነው» አለ፣ ሳልጠይቀው።

«ስንዴ ነው ያሉ ሰው አሉ።»

«ማን ነው ያለው?» አለ ተቆጥቶ። ፎጣውን ሲያቀብለኝ እጁ ቶሎ አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ ሥራ ገባሁ፤ ኑሮም ቀጠለ። ወራት አልፈው አንድ እሑድ እትዬ ላቀች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ብቻዬን አገኙኝ።

«የፊታችን ቅዳሜ ወገዳ አብረን እንሂድ።»

«ምን ልናደርግ?»

«ልንጠይቅ። የዘመዴ ልጅ ናት፤ ትዕግስት ትባላለች። ከሆስፒታል ወጥታ በሯን ዘግታለች። ሁለት ጊዜ ሄጄ ከበር መለሰችኝ።»

«ምኗን ነው?»

መዳፋቸውን ግራ ጡታቸው ላይ አሳረፉ፣ አነሱት። «ስላንቺ ምንም አልነገርኳትም። እዚያ ደርሰሽ ብትናገሪም ባትናገሪም ያንቺ ነው። ካልፈለግሽም ሠላም ብለሽ መውጣት ነው። ለማንም አላወራም።»

ሳምንቱን ሙሉ ተቁነጠነጥኩ። አልሄድም ስል፣ እሄዳለሁ ስል ቅዳሜ ደረሰ። የወሰደን እሱባለው ነው። የወገዳ መንገድ ሲያነጥረን እትዬ ላቀች የኋላው ወንበር ላይ ፔርሙዛቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ መንገዱን ሁሉ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እሱባለው በመስታወቱ እያየ «አሟቸዋል እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ።

ቤቱ ስንደርስ የልጅቱ እናት ወደ ጓዳው በር አመለከቱን። እትዬ ላቀች ግን በረንዳው ላይ ቆሙ።

«ግቢ። እኔ እዚህ ነኝ» አሉ።

ገባሁ። ትዕግስት በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። ስሜን ነገርኳት፤ ከንፋስ መውጫ እንደመጣሁ፣ አስተማሪ እንደሆንኩ ነገርኳት። አልዞረችም። ዝምታው እየረዘመ ሄደ። ያኔ የእትዬ ላቀች ሕመም ገባኝ፤ አፍ ዝም ብሎ የመጣለትን ሊል ይፈልጋል። ጎረቤት፣ ዝናብ፣ ምርት፣ የሞተ ሰው፣ ምንም ይሁን ምን።

ምንም አላልኩም። ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋሁና የሸሚዜን ቁልፍ ከላይ ጀምሬ ፈታሁ።

የቁልፉ ድምፅ ነው መሰለኝ ያዞራት። መጀመሪያ ዓይኗን፣ ከዚያ ጭንቅላቷን፣ ከዚያ በክርኗ ተደግፋ መላ አካሏን አዞረች። ጠባሳውን በዓይኗ ከብብቴ ጀምራ እስከ ዛላው ጫፍ ተከተለችው።

«አመመሽ?» አለች።

«የቱ?»

«ሁሉም።»

«አዎ። ግን እንደ ማሳከኩ አይሆንም።»

ፊቷ ላይ አንድ ነገር ላላ። ስለ ማሳከኩ ነገርኳት። መዳፌ ላይ ተቀምጬ ስለዋልኩበት ቀን፣ ፀበሉን ነጥቄ ስለጠጣሁበት ቀን ነገርኳት። ጨጓራዬ እንዲመረመር ምላሴን ያወጣሁበት ጋ ስደርስ ሳቋ ፈነዳ። ቁስሏን በመዳፏ ደግፋ፣ «ወይኔ፣ አታስቂኝ፣ ያመኛል» እያለች ሳቀች።

በረንዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል የነበረው ኮቴ ቀጥ አለ። ከዚያ በሩ ተንኳኳ፤ ትዕግሥት ያለቀበት ሰው ማንኳኳት ነው።

«ምን አስቃችሁ? እኔም ልስማ እንጂ!»

ትዕግስት ዓይኗን ጠረገችና አየችኝ። «እትዬ ላቀች ናቸው?»

«ናቸው።»

«ከገቡ ያወራሉ።»

«ያወራሉ» አልኳት።

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሳብ አድርጋ፣ ትራሱን ከጀርባዋ አስደግፋ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ክፈችላቸው» አለች።